ካናቢስ ለፓኒክ አታክ፦ ጠርሙሱን ከመክፈትዎ በፊት

በመድኃኒት መስጫ መስኮት ላይ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው አንዳንድ ጥያቄዎችን ገና ሳይነገሩ ያውቃቸዋል። ታካሚው መድኃኒቱን ተቀብሏል፣ አወሳሰዱም ተነግሮታል፣ ግን አይሄድም። ከኋላው ሰው አለመኖሩን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ «የካናቢስ ዘይት የሚሉት ነገር ለፓኒክ አታክ ያድናል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ የትኛው ካናቢስ? በምን ያህል መጠን? ከየትኛው መድኃኒት ጋር? ነገር ማራዘም እንዳይመስልብኝ ምክንያቱን ልናገር። በካናቢስ፣ ማለትም በማሪዋና ተክል፣ ውስጥ ካናቢኖይድ የሚባሉ ከመቶ በላይ ውሕዶች አሉ። ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው፤ ቲኤችሲ እና ሲቢዲ። የሚያሰክረው፣ የጊዜን ስሜት የሚያዛባውና የልብን ምት የሚያፈጥነው ቲኤችሲ ነው። ሲቢዲ አያሰክርም። የመጀመሪያው ፓኒክን፣ ማለትም ድንገት የሚመጣውን ብርቱ ፍርሃት፣ ራሱን ሊያመጣ ይችላል፤ ሁለተኛው ምናልባት ሊያረግብ ይችላል። ሁለቱም ግን በአንድ ስም ይጠራሉ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ናቸው።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ለፓኒክ ካናቢስ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም፤ ሁለተኛም አይደለም። ሆኖም ሕግ በፈቀደበት አገር ሐኪም የሚያዝለት ሰው አለ፤ ማንም ሳያዝለት ገዝቶ የሚጀምረው ደግሞ ይበዛል። ከዚህ በታች የምጽፈው መስኮቱ ላይ ሰልፍ ባይኖርና ጊዜ ቢተርፈኝ ለሁለቱም የምነግራቸውን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ ፓኒክ መሆኑን ማን ነገረዎት?

ልብ የሚያፈጥንና እጅ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ሁሉ ፓኒክ አይደለም። የታይሮይድ እጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ተመሳሳይ ምልክት ይሰጣል። የልብ ምት መዛባት፣ የደም ስኳር መውረድ፣ የደም ማነስም እንዲሁ። የአስም መተንፈሻ የሆነው ሳልቡታሞል እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው የጉንፋን መድኃኒቶች ልብ ያስመታሉ፤ ከልክ ያለፈ ቡናም ያው ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ የታይሮይድና የደም ምርመራ ብዙ የማያስለፉ ነገሮች ናቸው። የደረት ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰማዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ ደግሞ «ፓኒክ ነው» ብለው ቤት አይቀመጡ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ሐኪሙ የፓኒክ ሕመም ነው ካለዎት ምን ማለቱ እንደሆነ ይወቁ። ጥቃቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ የሚደርስ ብርቱ ፍርሃት ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ 13 ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ ልብ መምታት፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የሞትኩ ወይም ያበድኩ መስሎ መታየት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከ13ቱ አራት ወይም ከዚያ በላይ አብረው ከመጡ ፓኒክ ይባላል። ሕመም የሚሆነው ግን ጥቃቱ ያለ ምክንያት ሲደጋገምና ሰውየው ቢያንስ ለአንድ ወር «መቼ ይመጣብኝ ይሆን» እያለ በስጋት ሲኖር፣ ወይም አካሄዱን ሲለውጥ ነው።

ይህን ማብራራቴ ያለ ነገር አይደለም። ጥቃቱ ሲጀምር ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ በዚህ ሳቢያ ከንፈርና የጣት ጫፍ ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል። አእምሮ ይህን ሲያይ «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ያ ትርጉም ሌላ አድሬናሊን ይጠራል፤ ልብ ይበልጥ ይመታል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ ክላርክ በ1986 ያቀረበው ማብራሪያ በአጭሩ ይኸው ነው፦ ፓኒክ ያለበት ሰው የሚፈራው የገዛ አካሉን ስሜት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ የተጠቃ ሰው ደረጃ ወጥቶ ልቡ ቢመታ እንኳን ይደነግጣል።

አሁን ቲኤችሲ ምን እንደሚያደርግ ያስቡ። በደቂቃዎች ውስጥ የልብን ምት በደቂቃ ከ20 እስከ 50 ያህል ሊጨምር ይችላል። አፍ ያደርቃል፣ ራስ ያዞራል፣ አንዳንዴ ሰው ከራሱ የተለየ እስኪመስለው ያደርሳል። ከ13ቱ ምልክቶች የተወሰኑትን በአንድ ጊዜ አቀረበ ማለት ነው። የልቡን ምት ለማይፈራ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ለእርስዎ ግን የሚሸሹትን ነገር በማንኪያ መውሰድ ነው።

ሳይንሱ ምን ይላል?

ካናቢስ ከፍርሃት ጋር ግንኙነት የለውም የሚል ሰው ተሳስቷል። ቲኤችሲን ራፋኤል ሜኩላምና የሔል ጋኦኒ በ1964 ለይተው ካወጡት ወዲህ፣ ሰውነታችን ራሱ ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮችን እንደሚሠራ ታውቋል። አናንዳማይድ የተባለው በ1992 ተገኘ። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ፍርሃትን በሚመራው የአንጎል ክፍል፣ በአሚግዳላ፣ ውስጥም ይሠራሉ። ለዚህ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ከአንድ የከሸፈ መድኃኒት የመጣ ነው። ሪሞናባንት ይባላል። ቲኤችሲ የሚያርፍበትን ተቀባይ የሚዘጋ የውፍረት መቀነሻ ሲሆን በአውሮፓ በ2006 ተፈቀደ። ሰዎች ቀጠኑ፤ ግን ጭንቀት፣ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በረከተባቸውና በ2008 ታገደ። ይህን የሰውነት የራሱን የካናቢኖይድ ሥርዓት ሲዘጉት ጭንቀት ከመጣ፣ ሥርዓቱ ጭንቀትን በመቆጣጠር ረገድ ድርሻ አለው ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ተክሉን መውሰድ ያንን ሥርዓት ያስተካክለዋል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ነው ማስታወቂያው ከሳይንሱ ቀድሞ የሮጠው።

በ2017 በቺካጎ የተሠራ አንድ ሙከራ 42 ጤነኛ ሰዎችን በሰው ፊት ንግግር እንዲያደርጉና ሒሳብ እንዲሠሩ አደረገ። 7.5 ሚሊግራም ቲኤችሲ የወሰዱት ጭንቀታቸው ቶሎ በረደላቸው። 12.5 ሚሊግራም የወሰዱት ግን ገና ሥራው ሳይጀመር ስሜታቸው ተበላሸ። በሚጠቅመውና በሚጎዳው መካከል ያለው ርቀት አምስት ሚሊግራም ብቻ! ያውም ትክክለኛ መጠኑ በካፕሱል ተለክቶ፣ ፓኒክ በሌለባቸው ሰዎች ላይ። ማጨስን ያስቡት፤ ጢሱን ማን ይለካዋል?

ሲቢዲ የተሻለ ታሪክ አለው። በ2011 ብራዚል ውስጥ የማኅበራዊ ፍርሃት ሕመም ካለባቸው 24 ሰዎች ግማሾቹ 600 ሚሊግራም ሲቢዲ ወስደው ንግግር ሲያደርጉ፣ ባዶ ካፕሱል ከወሰዱት ያነሰ ጭንቀት ታየባቸው። ደስ የሚል ውጤት ነው፤ ትንሽ ጥናት ነው፤ ስለ ፓኒክ የተሠራም አይደለም። በጤነኞች ላይ የተሠራ ሌላ ሙከራ ደግሞ 300 ሚሊግራም ሲሠራ፣ 150ውም 600ውም ይህን ያህል እንዳልሠሩ አሳይቷል። በዝቶ መውሰድ የተሻለ ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። በ2019 በላንሴት ሳይካትሪ መጽሔት የታተመ የ83 ጥናቶች ግምገማ የደረሰበት ድምዳሜ፣ ካናቢኖይዶች የአእምሮ ሕመሞችን ለማከም ያላቸው ማስረጃ ገና ስስ መሆኑን ነው። የአሜሪካም ሆነ የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን ማንኛውንም የካናቢስ ውጤት ለፓኒክ ሕመም አልፈቀደም። ኤፒዲዮሌክስ የተባለው ንጹሕ ሲቢዲ በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው ለከባድ የልጅነት የሚጥል በሽታዎች ነው።

ከካናቢስ በፊት የሚሞከረው

ሐኪሙ «መጀመሪያ ሌላውን እንሞክር» ካለዎት ሊገፋዎት አይደለም። ሲቢቲ የሚባለው የንግግር ሕክምና ለፓኒክ በደንብ ተፈትኖ የተረጋገጠ ነው። በዚህ ሕክምና በሚሽከረከር ወንበር ላይ ይዞራሉ፣ በቀጭን መጠጫ ቱቦ ይተነፍሳሉ፣ ባሉበት ቆመው ይሮጣሉ። ሞኝ ሥራ ይመስላል። ዓላማው ልብ ሲመታና ራስ ሲዞር ምንም እንደማይከተል አካል ራሱ እንዲማር ነው።

ከመድኃኒት ወገን ሰርትራሊን፣ ፓሮክሴቲንና ፍሉኦክሴቲን በአሜሪካ ለፓኒክ ሕመም የተፈቀዱ ናቸው። እዚህ ላይ ከመስኮቱ ያየሁትን ልናገር፦ «ሞክሬው አልሠራልኝም» የሚል ሰው ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት አቁሞታል። እነዚህ መድኃኒቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት መረበሽ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ጥቅማቸው የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ለዚህም ነው ሰርትራሊን ለፓኒክ ሲታዘዝ በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ ከሳምንት በኋላ ወደ 50 የሚያድገው። በዚያ መልክ ካልጀመሩት፣ ገና አልሞከሩትም ማለት ይቻላል። ካናቢስን ወደ ማንሳት ከመሄድዎ በፊት ይህን ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ጨርሶ መጀመር የሌለበት ማነው?

በራሱ ወይም በቅርብ ዘመዱ ስኪዞፍሬንያ ወይም ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ቲኤችሲ ያለበትን አይንካ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የልብ ሕመምተኛ፣ አንጎሉ ገና ያላለቀ ወጣትም እንዲሁ። የሃያዎቹ አጋማሽ እስኪደርስ አንጎል ገና በዕድገት ላይ ነው። ቀድሞ ከመጠጥ ወይም ከሌላ ሱስ ጋር የታገለ ሰው ነገሩን ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ይነጋገርበት።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ነገር ደግሞ የእኔ የዕለት ሥራ ነው። ሲቢዲ ጉበት መድኃኒቶችን የሚያፈርስባቸውን ኢንዛይሞች ያዳክማል። በዚህም ምክንያት የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን በደም ውስጥ ሊከማችና ደም ሊያፈስ ይችላል፤ የድብርት መድኃኒቶቹ ሲታሎፕራምና ኤስሲታሎፕራም በደም ውስጥ ከፍ ይላሉ፤ ከሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ከቫልፕሮይት ጋር ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ለፓኒክ አልፕራዞላም ወይም ክሎናዜፓም የሚወስድ ሰው ድብታው ይደራረብበታል። የሚወስዱትን ሁሉ፣ የባሕል መድኃኒቱንና ቫይታሚኑን ጨምሮ፣ በአንድ ወረቀት ጽፈው ለሐኪምም ለፋርማሲስትም ያሳዩ። አፍረው የሚደብቁት ነገር ካለ እሱን በመጀመሪያው መስመር ይጻፉት።

ስለ ሕግ ባጭሩ፦ ካናዳ የሕክምና ካናቢስን በ2001፣ ጀርመን በ2017፣ ብሪታንያ በኅዳር 2018 ፈቅደዋል፤ በብሪታንያ ማዘዝ የሚጀምረው ልዩ ባለሙያ ሐኪም ብቻ ነው። በብዙ አገሮች ግን በእጅ መገኘቱ ብቻ ያሳስራል፤ የአንዱ አገር የሐኪም ማዘዣም በሌላው አገር ድንበር ላይ ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም። ጠርሙሱን በሻንጣ ይዘው አይብረሩ። ሥራዎ የሽንት ምርመራ የሚጠይቅ ከሆነም ቲኤችሲ አዘውትሮ በሚወስድ ሰው ሽንት ውስጥ ለሳምንታት እንደሚቆይ ይወቁ። «ሲቢዲ ብቻ ነው የወሰድኩት» የሚለው መከላከያ ብዙ ጊዜ አያስጥልም፤ ለምን እንደሆነ አሁን እንየው።

ጠርሙሱን ማንበብ

አንዲት ወጣት ከመደብር የገዛችውን ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ መስኮቱ ላይ አስቀምጣ «ስንት ልውሰድ?» አለችኝ። ፊት ለፊት በትልቁ 1000 ሚሊግራም ይላል። ከጎኑ በደቃቃ ፊደል 30 ሚሊሊትር። ከሥሩ «ቲኤችሲ ከ0.3 በመቶ በታች»። ወረቀት አውጥተን አብረን አሰላን።

1000ን ለ30 ስናካፍለው በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 33 ሚሊግራም ያህል ሲቢዲ አለ። አንድ ሚሊሊትር በግምት 20 ጠብታ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጠብታ 1.7 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። መመሪያው «አምስት ጠብታ ከምላስ ሥር» ይላል፤ ስምንት ሚሊግራም ተኩል እንኳን አይሞላም። ከላይ ባየነው የጤነኞቹ ሙከራ የሠራው መጠን 300 ነበር። እዚያ ለመድረስ ዘጠኝ ሚሊሊትር፣ ማለትም የጠርሙሱን ሲሶ ገደማ፣ በአንድ ቀን መጠጣት አለባት። «ታዲያ ይህ ምኑን ነው የሚሠራው?» አለች። እኔም በትክክል ያንን ጥያቄ እንድትጠይቅ ነበር የፈለግሁት።

ከዚያ 0.3 በመቶውን አሰላን። 30 ሚሊሊትር ዘይት 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። የእሱ 0.3 በመቶ 84 ሚሊግራም ነው። ጠርሙሱ እስከ ተፈቀደለት ጫፍ ቲኤችሲ ቢኖረው፣ በዘጠኙ ሚሊሊትር ውስጥ 25 ሚሊግራም ቲኤችሲ ትውጣለች፤ በቺካጎው ሙከራ ስሜት ያበላሸው መጠን እጥፍ ማለት ነው። በአምስት ጠብታ ጊዜ ይህ ቁጥር ከምንም የማይቆጠር ነው። «ጠብታው አልሠራ ስላለኝ ጨመርኩበት» የሚሉ ሰዎች ግን ሳያውቁት ወደዚያ ይሄዳሉ።

ይህ ሁሉ ስሌት ደግሞ መለያው እውነት ተናግሮ ከሆነ ነው። በ2017 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት በኢንተርኔት የተሸጡ 84 የሲቢዲ ውጤቶችን መርምሮ፣ የተጻፈውና የተገኘው የሚስማማው በ31 በመቶዎቹ ብቻ መሆኑን አገኘ። ከ84ቱ በ18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ነበር። ስለዚህ የሚገዙት ነገር ከገለልተኛ ላቦራቶሪ የወጣ የምርመራ ወረቀት እንዳለው ይጠይቁ። ወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። የቲኤችሲና የሲቢዲ መጠን፣ የፀረ ተባይና የከባድ ብረት ምርመራ ውጤት ይፈልጉ። ወረቀት የሌለው ጠርሙስ ከየትም ይምጣ፣ ማንም ይመስክርለት፣ አይግዙት። ቲኤችሲን ጨርሶ ለማይፈልግ ሰው ከተክሉ ሙሉ ጭማቂ ከተሠራው ይልቅ ሲቢዲው ብቻውን ተለይቶ የወጣበት ይሻላል።

አጀማመር

ሐኪምዎ ተስማምቶ ሊጀምሩ ከሆነ፣ ሲቢዲ ያመዘነበትን ይጠይቁ። ቲኤችሲ ይጨመር ቢባል እንኳን መነሻው 2.5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ማታ፣ ከመኝታ በፊት ይሁን። መጠን ሲጨመር በቀናት ልዩነት፣ በትንሽ በትንሹ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ይምረጡ። በማግሥቱ ሥራ የሌለበት፣ ቡና ያልበዛበት፣ መጠጥ የሌለበት ቀን ይሁን። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ይኑር። መኪና አይነዱም። በዚያው ሳምንት ሌላ መድኃኒት አይጀምሩ፣ አያቁሙ፣ የቡናውንም ልማድ በአንድ ጊዜ አይለውጡ፤ አለበለዚያ ለውጥ ቢመጣ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይችሉም። ሲቢዲ ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ የሚገባው መጠን በእጅጉ ከፍ ስለሚል አንድ ቀን በባዶ ሆድ፣ አንድ ቀን ከእራት በኋላ አያድርጉት። አንዱን መርጠው ይጽኑበት።

የሚበላው ዓይነት፣ ማለትም ከረሜላውና ብስኩቱ፣ ለፓኒክ ታማሚ ከሁሉ የከፋ ነው ባይ ነኝ። ስሜቱ ለመምጣት ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ጉበት ቲኤችሲውን ይበልጥ ብርቱ ወደሆነ ውሕድ ይለውጠዋል። ሰውየው «ምንም አልተሰማኝም» ብሎ ሁለተኛውን ይበላል፤ ከዚያ ሁለቱም ተከታትለው ይመጡና ስድስት፣ ስምንት ሰዓት ይቆያሉ። የሚጨሰው በደቂቃዎች መጥቶ በሁለት እስከ አራት ሰዓት ይለቃል፤ ሳንባን ይጎዳል፣ መጠኑም አይታወቅም። ሐኪሞች ወደ ዘይቱና ካፕሱሉ የሚያደሉት ስለዚህ ነው።

ጥቃቱ በመጣበት ሰዓት አይውሰዱት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ። የፓኒክ ጥቃት አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። የተዋጠ ዘይት ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በጥቃት መሐል ዘይት የዋጠ ሰው የሚድነው ጥቃቱ በራሱ ጊዜ ስላለቀ ነው፤ ምስጋናውን ግን ጠርሙሱ ይወስዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ጠርሙሱን ቤት ረስቶ ከወጣ መርሳቱ ብቻውን ጥቃት ያመጣበታል። የሚጨሰው ቶሎ ይደርሳል፤ ቢሆንም ቀድሞውኑ የሚጋልበውን ልብ ያስጋልበዋል።

በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ከቻሉ ያሉበትን ቦታ አይልቀቁ። በአፍንጫ ቀስ ብለው አራት እስኪቆጥሩ ያስገቡ፣ ስድስት እስኪቆጥሩ ያስወጡ፤ ዋናው ማስወጣቱ መርዘሙ ነው። በወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ የሚሉት የድሮ ዘዴ ይቅር፤ ሕመሙ የልብ ወይም የሳንባ ሆኖ ከተገኘ አደገኛ ነው። «ፓኒክ ነው፣ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል» ይበሉ። ሰዓት ይመልከቱ። ማዕበሉን አይግፉት፤ የሚገፋ ሰው ይደክማል እንጂ አያቆመውም።

ደብተሩ

በስልክም ሆነ በወረቀት፣ ከመጀመርዎ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይጻፉ፤ ከምን ጋር እንደሚያወዳድሩ ካላወቁ መሻሻሉ አይታወቅም። ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

ማክሰኞ። ማታ 2፡30፣ ሲቢዲ 10 ሚሊግራም ከእራት በኋላ። ቡና ጠዋት አንድ። ጥቃት የለም። እንቅልፍ ደህና፣ ጠዋት ግን ድብት አለኝ።

ረቡዕ። ጥቃት ከቀኑ 9፡10፣ አሳንሰር ውስጥ። ብርታቱ ከአሥር ሰባት። 9፡25 በረደ። ከአሳንሰሩ አልወጣሁም።

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ይመልከቷት። የጥቃቱ ቁጥር ሳይቀንስ የማይሸሹት ቦታ ከበዛ ሕክምናው እየሠራ ነው። በተቃራኒው ጥቃቱ ቀንሶ ነገር ግን ሰውየው ከቤት መውጣት ካቆመ ምንም አልተሻለውም። የትኛውም መድኃኒት ሲመዘን በዚህ ይመዘናል። ድብታን፣ ተቅማጥንና የምግብ ፍላጎት መቀነስንም ይጻፉ፤ ሲቢዲ እነዚህን ያመጣል።

ሲጀምሩ የሚወስኑበትን ቀንም ይቁረጡ። ለምሳሌ ስምንት ሳምንት። በዚያ ቀን ደብተሩን ይዘው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ፤ ለውጥ ከሌለ ይቁም። መጠን እየጨመሩ ተስፋ ማድረግ ማለቂያ የለውም።

ቢያስደነግጥዎት

ቲኤችሲ በዝቶብዎት ፓኒክ ከመጣ፣ ሁለት ነገር ይወቁ። ስሜቱ ያልፋል፤ የተጨሰ ከሆነ በሰዓታት፣ የተበላ ከሆነ ረዘም ብሎ። ሁለተኛ፣ ሌላ ነገር አይጨምሩበት፤ አልኮልም፣ የሌላ ሰው ማስታገሻም፣ «ያረጋጋል» የተባለ ተጨማሪ ካናቢስም። ጸጥ ባለና ብርሃኑ ባልበዛ ክፍል ጋደም ይበሉ፣ ውኃ ይጠጡ፣ የሚያምኑት ሰው አጠገብዎ ይሁን፣ ከላይ ያልኩትን አተነፋፈስ ይያዙ። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማት፣ ወይም የማይቆም ትውከት ከመጣ ግን ሐኪም ቤት ይሂዱና የወሰዱትን በትክክል ይናገሩ። ሐኪሙ የሚጠይቀው ሊያክም ነው። ሕፃን ልጅ ከረሜላውን በልቶ ከተገኘ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፣ ወዲያው ይውሰዱት።

ማቆም

ቲኤችሲን አዘውትሮ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ላብና ጭንቀት ይመጣበታል። በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታል፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ችግሩ ይህ ስሜት ከፓኒኩ ጋር መመሳሰሉ ነው። ሰውየው «ይኸው፣ ያለ እሱ መኖር አልችልም» ብሎ ይመለስበታል፤ የተመለሰበት ግን ሕመሙ ሳይሆን መድኃኒቱን ማቆሙ ያመጣው ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠኑን በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀንሱ፤ ደብተሩንም ካቆሙ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር አይዝጉት።

ቀጠሮው ሳይደርስ ማቆም የሚያስፈልግባቸው ምልክቶችም አሉ። ጠዋት ሳይወስዱ መውጣት ካቃተዎት፣ መጠኑን ለሐኪምዎ ሳይናገሩ ከጨመሩ፣ ቤተሰብ እንዳያየው ከደበቁት፣ ወይም ሰው ስለ እርስዎ የሚያንሾካሽክ መስሎ መታየት ከጀመረ፣ ቀኑን አይጠብቁ፣ ይደውሉ።

ጠርሙሱን በተቆለፈ ቦታ፣ ከሕፃናት እጅ አርቀው ያስቀምጡ። የተረፈውን ለወንድም ለጓደኛ አይስጡ፤ በአካባቢዎ ያለ መድኃኒት ቤት ይቀበል እንደሆነ ጠይቀው ይመልሱት።